ልዕለ ኃይሉን ላጣ ጀግና የትኛው መሣሪያ ይስማማል? ለኮሚክ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች የንጽጽር መመሪያ

ልዕለ ኃይሉን ያጣ ጀግና በኮሚክ ታሪኮች ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ በእጁ የሚገባው መሣሪያ ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ውሳኔ ግን የሚገባውን ያህል ሲታሰብበት አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው የሚመረጠው ከጠፋው ኃይል ምን ያህሉን ይመልሳል በሚል መለኪያ ብቻ ሲሆን፣ በዚህ መለኪያ የተመረጠ መሣሪያ ታሪኩን ወደ ነበረበት ይመልሰውና ኃይሉ የጠፋበትን ምክንያት ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ይህ መመሪያ የራሳቸውን ልዕለ ጀግና ለሚፈጥሩ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች የተዘጋጀ ነው። በሁለቱ ታላላቅ የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች፣ በማርቭልና በዲሲ፣ ኅትመቶች የታዩትን ዋና ዋና አማራጮች እያነጻጸረ፣ መሣሪያው ሳይመልስ የሚተወው ነገርና በምላሹ የሚጠይቀው ዋጋ የምርጫው መነሻ እንዲሆን ይመክራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ የኅትመት ዓመታት ሲሆኑ አቆጣጠራቸው እንደ ጎርጎርዮሳውያን ነው።

በቅድሚያ የጠፋው ነገር ይለይ

«ኃይሉን አጣ» የሚለው አነጋገር በጣም የተለያዩ ጉዳቶችን በአንድ ይጠቀልላል። ጉልበቱን ያጣ፣ መብረሪያውን ያጣ፣ አደጋን ቀድሞ የሚያውቅበት ስሜት የጠፋበት፣ እንዲሁም ኃይሉ እያለ ኃይሉን የሚሸከምለት ሰውነት የከዳው ጀግና አንድ ዓይነት መሣሪያ አይሰጣቸውም። ደራሲው ይህን ሳይለይ ወደ መሣሪያው ምርጫ ከገባ፣ ውጤቱ ብዙውን ጊዜ ለማንም ሊሆን የሚችል የብረት ልብስ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ጀግናው ትናንት ያደርገው የነበረውንና ዛሬ የማይችለውን አንድ ተግባር በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይጠቅማል፤ ያ ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ የሚከተለው ንጽጽር ብዙ አይረዳም።

ሙሉ ምትክ፦ ሁሉን የሚመልስ ተሽከርካሪ

የሙሉ ምትክ ግልጽ ምሳሌ በ1978 በአክሽን ኮሚክስ ቁጥር 481 የታየው ሱፐርሞቢል ነው። ከቀይ ፀሐይ የመጣ ጨረር ሱፐርማንን ኃይሉን ሲያሳጣው፣ የቀድሞ ችሎታዎቹን እንዲተካለት በተሠራ በራሪ ተሽከርካሪ ውስጥ ተቀምጦ አማዞ ከተባለው ሰው ሠራሽ ባላጋራ ጋር ይገጥማል። ተሽከርካሪው ይበርራል፣ ጥቃት ይመክታል፤ ከፊቱ በተገጠሙት ሁለት መካኒካዊ ክንዶችም ጡጫ ይሰነዝራል።

የዚህ አማራጭ ጥቅም ግልጽ ነው። ውጊያው አይቋረጥም፣ አንባቢውም የለመደውን ትዕይንት ያገኛል። ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ የሚበልጥ ይመስለኛል። ጀግናው ከተዋጊነት ወደ ሾፌርነት ይወርዳል፤ ሠዓሊው ፊቱን ከመስታወት በስተጀርባ እያሳነሰ ለመሣል ይገደዳል። ኃይሉን ያጣ ሰው ድካም፣ ጥርጣሬና ሕመም የሚታየው በፊቱና በትከሻው ስለሆነ፣ እነዚህን የሚሸፍን መሣሪያ የታሪኩን ዋና ጉዳይ አብሮ ይሸፍናል። ሱፐርሞቢል ለልጆች መጫወቻነት መመረቱም የሚያስገርም አይደለም፤ ከገጹ ላይ ተነጥሎ ለብቻው ሊቆም የሚችል ዕቃ ነውና።

ከ15 ዓመት በኋላ ይኸው ገጸ ባሕርይ የተሰጠው መሣሪያ በአንጻሩ የተሻለ ነው። በ1993 ሱፐርማን ከሞት ሲመለስ ኃይሉ አብሮት አልተመለሰም፤ ስለዚህ በአንታርክቲካ ካለው ምሽጉ ተነሥቶ ወደ ሜትሮፖሊስ የተጓዘው በተወለደባት ፕላኔት በክሪፕተን የጦር ማሽን ውስጥ ሆኖ የውቅያኖሱን ወለል በእግር እያቋረጠ ነበር። ሰማዩን በቅጽበት ያቋርጥ የነበረ ጀግና በባሕር ወለል ላይ እርምጃ በእርምጃ ሲራመድ መታየቱ የጠፋውን ነገር ያለ አንዳች ማብራሪያ ይናገራል። ከማሽኑ ሲወጣም ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ጸጉሩ የረዘመ፣ ጥይት ሊገድለው የሚችል ሰው ሆኖ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ የሁለተኛው ብልጫ ጥቂቱን ብቻ መልሶ ሌላውን ባዶ መተዉ ነው። እንግዲህ ሙሉ ምትክን መምረጥ የሚገባው ታሪኩ አጭር ከሆነና ዋናው ጥያቄ ከጀግናው ውስጥ ሳይሆን ከውጭ ካለው ሤራ የሚነሣ ከሆነ ብቻ ነው።

ጥሩር፦ ሰውነት ሲከዳ

ከሁሉም አማራጮች በብዛት የሚመረጠው ከሰውነት ላይ የሚለበስ ጥሩር ነው፤ በብዛት የሚበላሸውም እርሱ ነው። ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ማየት ልዩነቱን ያሳያል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የካፕቴን አሜሪካ ሰውነት መክዳት ጀመረ። ምክንያቱ ለጀግናው ኃይል የሰጠው ያው ውሁድ በሰውነቱ ውስጥ እየተበላሸ መሄዱ ሲሆን፣ ጉዳቱ እየባሰ ሄዶ ጀግናውን፣ በእውነተኛ ስሙ ስቲቭ ሮጀርስን፣ እስከ ሽባነት አደረሰው። በ1995 በወጣው ቁጥር 438 አይረን ማን የሆነው ቶኒ ስታርክ የሠራለትን የብረት ጥሩር ለብሶ ወደ ውጊያ ተመለሰ። ሐሳቡ ከመነሻው ጠንካራ ነው፤ ጥሩሩ በሽታውን አያድንም፣ የማይታዘዘውን ሰውነት ያንቀሳቅሳል እንጂ፤ ከብረቱ በታች ያለው ሰው በእያንዳንዱ ዕትም ወደ ሞት እየቀረበ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ለዚህ ጀግና የሚስማማ ሆኖ አይሰማኝም። ካፕቴን አሜሪካን ከሌሎች የሚለየው በጨርቅ ልብስና በአንድ ጋሻ ከእርሱ የበረቱትን መግጠሙ ነበር፤ ሙሉ ሰውነቱ በብረት ሲሸፈን ግን ጋሻው ትርፍ ነገር ይሆናል፣ መልኩም ከሠሪው ከአይረን ማን ጋር ይቀራረባል። የታሪኩ እውነተኛ ዋጋ የመጣውም ከጥሩሩ ሳይሆን በኋላ ነው። ስቲቭን ከሞት ያተረፈው የጠላቱ የሬድ ስከል ደም ነበር፤ የሬድ ስከል ሰውነት ከስቲቭ የተቀዳ ስለነበረ በደሙ ውስጥ ያው ውሁድ ነበረ። ሕይወቱን ከሚጠላው ሰው ደም የተቀበለ ጀግና፣ ከወዳጁ ጥሩር ከተቀበለ ጀግና ይልቅ ለደራሲው ብዙ የሚጻፍ ነገር ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ታሪክ በእኔ ግምት ከጥሩር ምሳሌዎች ሁሉ የተሳካው ነው። በ1980ዎቹ የሙታን ገዥ ሄላ የነጎድጓድ አምላኩን ቶርን ትረግመዋለች፤ አጥንቱ ይሰበራል፣ የተሰበረው አይጠገንም፣ እርሱም ከሥቃዩ በሞት አይገላገልም። እዚህ ላይ የጠፋውን በትክክል መለየት ያስፈልጋል። የቶር ክንድ ዛሬም የሚታወቅበትን መዶሻ ይወረውራል፤ የጠፋው ጉልበቱ ሳይሆን የጉልበቱን መልሶ ምት የሚችልበት የአጥንት ጽናት ነው። ስለዚህም በ1987 በቁጥር 378 ለብሶት የሚታየው ጥሩር ኃይል የሚጨምርለት ማሽን ሳይሆን የተሰባበረውን ሰውነት አቅፎ የሚይዝ ቅርፊት ነው። መሣሪያውና ጉዳቱ እንዲህ ሲገጣጠሙ አንባቢው ወሰኑን ሳይነገረው ያውቀዋል። እያንዳንዱ ምት ጠላትን እንደሚጎዳ ሁሉ መቺውንም እንደሚጎዳ ስለሚረዳ፣ ውጊያው በሙሉ በሥጋት የተሞላ ይሆናል። በቁጥር 380 ቶር ከሚድጋርድ እባብ ጋር ሲገጥም እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ተሞልቷል፤ በውጊያው ማብቂያም ጥሩሩ ሊያድነው አልቻለም፣ ሰውነቱ ተንኮታኩቷል። ከዚያ በኋላ መንፈሱ ዲስትሮየር በተባለው አጥፊ ቁመና ውስጥ ገብቶ ሄላን አስገድዶ እርግማኑን ያስነሣል። መሣሪያው ያደረገው አስተዋጽኦ ጀግናውን ማዳን ሳይሆን እስከዚያ ገጽ ድረስ ማድረስ ነበር፤ ይህም በቂ ነው።

ጥሩርን የሚመርጥ ደራሲ እንግዲህ ሁለት ነገሮችን ይመርምር። አንደኛው ጥሩሩ ጀግናው ከመጎዳቱ በፊት ይታወቅበት የነበረውን መልክና የውጊያ ስልት ይውጠዋል ወይስ ይተወዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥሩሩ የሚሰበርበት ቦታ ከጉዳቱ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ደራሲው ሲያስፈልገው የሚፈጥረው አጋጣሚ ነው የሚለው ነው። የባትሪ ማለቅን ለሁሉም ጥሩር እንደ ወሰን መስጠት ቀላል ቢሆንም፣ ከቶር የአጥንት መሰበር ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው።

የጠፋ ስሜትን በመሣሪያ መተካት

ስሜት ሲጠፋ ነገሩ ይለያል፤ ምክንያቱም ስሜት በሥዕል አይታይም፣ በምልክት እንጂ። የስፓይደርማን አደጋን ቀድሞ የማወቅ ስሜት ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሣለው ከራሱ ዙሪያ በሚርገበገቡ መስመሮች ነው። በ2011 በአሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 654 ስፓይደርማን የሆነው ፒተር ፓርከር ጠላቶቹን ለማሸነፍ በተጠቀመበት ዘዴ ምክንያት ይህን ስሜቱን ሲያጣ፣ እነዚያ መስመሮችም ከገጹ ጠፉ። ሠዓሊው አዲስ ነገር ሳይጨምር ባለመሣል ብቻ የጀግናውን ጉድለት ማሳየት የቻለበት አጋጣሚ ነው።

ከዚያ የተሰጠው ምትክ በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር። ጥይት ሲመጣ ቀድሞ ማወቅ ስላልቻለ በቁጥር 656 ጥይት የማይበሳው ልብስ ሠራ፤ ይህ ግን የሚጠቅመው ጥይቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ከመድረሱ በፊት ያለውን ክፍተት ለመሙላት ደግሞ ከኩንግ ፉ ሊቁ ከሻንግ ቺ ዘንድ የራሱን የውጊያ ስልት ተማረ። መሣሪያውና ሥልጠናው እያንዳንዳቸው ከጠፋው ስሜት ግማሹን ብቻ ስለሚሸፍኑ፣ አንዱም ብቻውን አይበቃም፤ በመካከላቸውም አደጋ የሚገባበት ሰፊ ቦታ ይቀራል። ስሜቱ በዚያው ዓመት በስፓይደር አይላንድ ታሪክ ሲመለስም የተማረው ስልት ከእርሱ ጋር ቀርቷል።

ለዚህ ዓይነት ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሌላ አማራጭ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ነው፤ አደጋ ሲቀርብ የሚጮኽ ወይም የሚንቀጠቀጥ ነገር ማለት ነው። አልመክረውም። በገጹ ላይ የሚሠራው ሥራ ከቀድሞው ስሜት ጋር አንድ ነው፤ የሚርገበገበው መስመር ወደ ድምፅ ከመለወጡ በስተቀር ጀግናው እንደ ቀድሞው ቀድሞ ያውቃል፣ እንደ ቀድሞውም ያመልጣል።

ከጠላት እጅ የሚመጣ መሣሪያ

መሣሪያውን ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ ምን ይሠራል ከሚለው ያላነሰ ክብደት አለው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በኤክስ ፋክተር ታሪክ ኤንጅል የተባለው ጀግና ክንፎቹ ክፉኛ ተጎድተው ከተቆረጡ በኋላ፣ ከተስፋ መቁረጡ ያነሣው አፖካሊፕስ የተባለው ጠላት ነው። በምትኩ የሰጠው የብረት ክንፎችን ሲሆን፣ ዋጋው ከአራቱ ፈረሰኞቹ አንዱ፣ ሞት የተባለው፣ ሆኖ ማገልገል ነበር። በ1988 በቁጥር 24 በዚህ መልኩ ይታያል።

ክንፎቹን በቅርብ ላጤናቸው፣ እንደ ላባ የተደረደሩት ስለቶች እየተወረወሩ ይቆርጣሉ፣ የተቀቡት መርዝም የመቱትን ሰው ያደነዝዛል፤ ከባለቤታቸው ፈቃድ ውጪም በራሳቸው የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ አለ። የቀድሞዎቹ የላባ ክንፎች መብረሪያ ብቻ ነበሩ። አዲሶቹ መብረርን ሙሉ በሙሉ መልሰው፣ ያልተፈለገ የመግደል ችሎታ ጨምረው፣ የራስን ሰውነት የማዘዝ መብት ወሰዱ። በመለኪያ ብንሄድ ይህ ከጠፋው በላይ የሚሰጥ ምትክ ነው፤ ቢሆንም ታሪኩን አላቀለለውም፣ ምክንያቱም ጀግናው በበረረ ቁጥር ማን እንዳበረረው ያስታውሳል። ስለዚህ ዕዳው በበቂ ከከበደ ከሙሉ ምትክ የሚበልጥ መሣሪያም ቢሆን ሊሠራ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ረጅም ታሪክ ለማቀድ ለሚያስብ ደራሲ ከቀረቡት አማራጮች ሁሉ ይህን አስቀድማለሁ።

ከዚህ ቀለል ያለው ዓይነት በ2007 በተጀመረው ኒው ዋሪየርስ ታይቷል። በ2005 እጅግ ብዙ ሚውታንቶች (ኃይላቸው ከተፈጥሯቸው የሆነ ሰዎች) በአንድ ጊዜ ኃይላቸውን ካጡ በኋላ፣ ከእነርሱ የተወሰኑት ከክፉ ባላጋራዎች ቴክኖሎጂ የተወሰዱ መሣሪያዎችን ታጥቀው ቡድን መሠረቱ። ከጣቶቿ ርችት የመሰለ ብርሃን ትወረውር የነበረችው ጁቢሊ ዎንድራ በሚል ስም ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ለበሰች፤ ማለትም የጠፋው ኃይልና የተተካው ኃይል ዝምድና የላቸውም። አንድ ጀግና ቢሆን ይህ ለብዙ ምዕራፍ የሚበቃ ጉዳይ ነበር። በቡድን ሲሆን ግን ሁሉም ኃይል ያጡ፣ ሁሉም አዲስ ስምና መሣሪያ ያገኙ ስለሆኑ የእያንዳንዱ ኪሳራ በሌላው ይደበዝዛል። ለቡድን ታሪክ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ቢያንስ አንዱን አባል ኃይሉ እንዳለ ቢተወው ልዩነቱ ይታያል።

ሌላ ዓይነት ችሎታ

አንዳንድ ጊዜ ተመራጩ የጠፋውን ለመመለስ ጭራሽ የማይሞክር መሣሪያ ነው። የቀድሞዋ ባትገርል ባርባራ ጎርደን ልዕለ ኃይል ባይኖራትም፣ በ1988 በጥይት ተመታ መራመድ ካቃታት በኋላ የሆነው ለዚህ መመሪያ ጠቃሚ ነው። በ1989 ኦራክል በሚል ስም በኮምፒውተርና በመረጃ ተመልሳ ስትመጣ፣ ማንም እንደ ባትገርል አያያትም፤ ሌሎች ጀግኖች የሚፈልጓት እነርሱ የማያውቁትን ስለምታውቅ ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ ወደ ባትገርልነት እስከተመለሰችበት እስከ 2011 ድረስ ከ20 ዓመት በላይ መቆየቱ ብቻ የምርጫውን ጥራት ይመሰክራል።

በ1994 አኳማን እጁን በፒራንያ ዓሦች ተበልቶ በምትኩ ጦር መሰል መንጠቆ ሲያስገባ የተመረጠው መንገድም ከዚህ ይቀራረባል፤ መንጠቆው እንደ እጅ አይጨብጥም፣ እጅ ለመምሰልም አይሞክርም። መልኩ ብቻ ገጸ ባሕርዩ የቀድሞው ሰው እንዳልሆነ ይናገራል።

ጊዜ የተወሰነላቸው መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ በየ24 ሰዓቱ ኃይል መሞላት የነበረበት የግሪን ላንተርን ቀለበት ወይም ከ1940 ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ብቻ ኃይል የሚሰጠው የአወርማን ክኒን፣ ለአጫጭር ታሪኮች ጥሩ ውጥረት ይፈጥራሉ። በረጅም ታሪክ ግን ሰዓቱ ሁልጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ስለሚያልቅ አንባቢው ቶሎ ይለምደዋል።

ያለ መሣሪያ

መሣሪያ አለመስጠት ራሱ ከአማራጮቹ አንዱ ስለሆነ ከንጽጽሩ መውጣት የለበትም። በ1984 በአንካኒ ኤክስ ሜን ቁጥር 185 ለሌላዋ የቡድኑ አባል ለሮግ የታሰበ ኃይል ማጥፊያ መሣሪያ ስቶርምን መትቶ የአየር ጠባይን የምታዝበትን ኃይል ወሰደባት። መሣሪያውን የፈጠረው ፎርጅ ነው፤ እርሱ ራሱ ያጣውን እግርና እጅ በፈጠራው የተካ ሰው ነው፣ በኋላም ከእርሷ ጋር ይፋቀራል። ማንኛውም ደራሲ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር ይህ ፈጣሪ ለስቶርም ምትክ መሣሪያ እንዲሠራላት ማድረግ ነበር። አልተደረገም፤ በ1986 በቁጥር 201 ኃይል አልባዋ ስቶርም ነባሩን መሪ ሳይክሎፕስን በፍልሚያ አሸንፋ የቡድኑን መሪነት አረጋገጠች፣ ኃይሏም የተመለሰላት በ1988 ነው። መሣሪያ ቢኖራት ኖሮ ድሉ የመሣሪያው ይሆን ነበር።

ዋንደር ውማን ግን በተመሳሳይ መንገድ ብትሄድም ውጤቱ ሌላ ሆነ። በ1968 ኃይሏን ትታ በእጅ ለእጅ ውጊያ የሠለጠነች፣ የልብስ መደብር የከፈተች ዳያና ፕሪንስ ሆነች፤ በ1973 ኃይሏ ተመለሰላት። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ግሎሪያ ስታይነም ይህን ለውጥ በግልጽ ተቃውማው ነበር፤ እርሷ ከመሠረቱት አንዷ የሆነችበት ሚዝ መጽሔትም በ1972 የሐምሌ ዕትሙ ሽፋን ላይ ዋንደር ውማንን ከነሙሉ ኃይሏ አወጣት። ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት ያለ መሣሪያ የሚቀር ጀግና የሚሠራው ከኃይሉ ሌላ አንባቢ የሚያውቅለት ነገር ቀድሞ ካለው ነው፤ ስቶርም መሪነቷ ቀድሞ ተመስክሮላት ነበር።

ከምርጫው በኋላ

መሣሪያው ከተመረጠ በኋላ ገና በመጀመሪያው ገጽ መወሰን ያለበት ነገር እንዴት ከታሪኩ እንደሚወጣ ነው። የካፕቴን አሜሪካ ጥሩር ሥራውን ሳይጨርስ በሌላ ክስተት ተተካ፤ የቶር ጥሩር በውጊያ ተሰባበረ፤ የኤንጅል የብረት ክንፎች ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1996 እንደ ቅርፊት ተራግፈው ከሥራቸው የላባ ክንፎች ወጡ። ሦስተኛው ከሁለቱ የሚበልጠው መሣሪያው ራሱ የኃይሉ መመለሻ ስለሆነ ነው። ደራሲው እንዲህ ያለ መውጫ ማሰብ ካልቻለ፣ ቢያንስ ኃይሉ ከመመለሱ ከጥቂት ዕትሞች በፊት መሣሪያውን ቢያጠፋው ይሻላል። አለበለዚያ ጀግናው ኃይሉንም መሣሪያውንም በአንድ ጊዜ ይዞ ስለሚቀር፣ ቀጣዩን ጠላት የሚፈጥር ደራሲ ሁለቱን የሚያከሽፍበት ምክንያት ሲፈልግ ይኖራል።